በጠመንጃ የአደን ወቅት ሲግናል ኖብ እንውጣ ወይስ እንቅር?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የሰፈርና የቤተ ክርስቲያን ወዳጆች ተሰባስበን፣ ልጆቻችንን ይዘን በየወሩ ተራራ እንወጣለን። ባለፈው ኖቬምበር ሲግናል ኖብ ላይ ሳለን ተደጋጋሚ ተኩስ ሰማን፤ ስንመለስም ፓርኪንጉ ላይ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አገኘን። ዘንድሮ የታንክስጊቪንግ (የአሜሪካ የምስጋና በዓል) ሰሞን ቅዳሜ ያንኑ መንገድ ልንደግመው አስበናል። እንቅር? ወይስ እሑድ እናድርገው? ከፓርኪንግ ሥራ የተረፉ ቢጫ ሰደርያዎች አሉን፤ ይበቃሉ? ከአገር ቤት የመጡት አባቴም አብረውን ይወጣሉ፤ እሳቸው ደግሞ ጋቢያቸውን አይለቁም።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ በአጭሩ ልመልስ። ከተራራ አይቅሩ፤ ሲግናል ኖብን ግን ለዚያ ቅዳሜ ይተዉት። ወደ እሑድ ማዛወሩ እንደ ድሮው መፍትሔ አይሆንም። ቢጫው ሰደርያ ከምንም ይሻላል እንጂ አይበቃም። የአባትዎ ጋቢም መኪና ውስጥ ይቆይ። ሰው ተራራ በማውጣት የምተዳደር ነኝ፤ ለጀማሪ አዳኞች የሚሰጠውን የደህንነት ትምህርትም በፈቃደኝነት አስተምራለሁ። ስለዚህ ምክንያቱን ከሁለቱም ወገን ላስረዳዎት እችላለሁ። ምክንያቱን ካወቁ ሌላ ጊዜ ሌላ ተራራ ሲመርጡ እኔን መጠየቅ አያስፈልግዎትም።

በአደን ወቅት ጫካ ሊገባ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ልብስ ቀለም ነው። እኔ ቀለምን ሦስተኛ ነው የማደርገው፤ አንደኛው ቦታ፣ ሁለተኛው ሰዓት ነው።

ከዲሲ ወደ ምዕራብ ስንነዳ የሚታየን ተራራ ሁሉ ለዓይን አንድ ዓይነት ነው፤ በሕግ ግን ባለቤቱም ደንቡም ይለያያል። የሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ፣ ማለትም ኦልድ ራግ፣ ኋይት ኦክ ካንየን፣ ሆክስቢልና ስካይላይን ድራይቭ የተባለው የመኪና መንገድ የሚያልፍበት ሸንተረር በሙሉ፣ አደን የተከለከለበት ነው። ሸለቆውን ተሻግሮ የሚታየው የማሳኑተን ተራራ ግን ሌላ ነው። ሲግናል ኖብ፣ ኬኔዲ ፒክና ስትሪክለር ኖብ እዚያ ናቸው። እነሱም፣ ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ድንበር ያለው ቢግ ሽሎስም በጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ውስጥ ይገኛሉ። ብሔራዊ ደን የሚተዳደረው በግብርና ሚኒስቴር ሥር ሲሆን ለእንጨት ሥራም፣ ለእግረኛም፣ ለአዳኝም ክፍት ነው። እናንተ ባለፈው ዓመት ተኩስ የሰማችሁት አንድ ሰው ሕግ ጥሶ አይደለም፤ አዳኞቹ ፈቃዳቸውን ከፍለው፣ በተፈቀደላቸው ቀንና ቦታ ነበሩ።

ሦስተኛም ዓይነት ቦታ አለ፦ የቨርጂኒያ የዱር እንስሳት መምሪያ የሚያስተዳድራቸው የዱር እንስሳት ቦታዎች። እነዚህ በዋናነት ለአዳኝና ለዓሣ አጥማጅ የተያዙ ናቸው፤ እግረኛውም የመግቢያ ፈቃድ መግዛት አለበት። ሊንደን አጠገብ ያለው የጂ. ሪቻርድ ቶምሰን ቦታ ከእነዚህ አንዱ ሲሆን አፓላቺያን ትሬል የተባለው ረጅም የእግር መንገድ በመካከሉ ያልፋል። ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን በጸደይ አበባ ለማየት የሚሄዱበት ነውና። አፓላቺያን ትሬል ራሱ «ትሬሉ ላይ ነኝ» ብሎ የሚያዝናና መንገድ አይደለም። በፓርክ መሬት ሲያልፍ አደን የለም፤ ብሔራዊ ደን ሲገባ አለ፤ መንገዱን የሚያመለክተው ነጭ ምልክት ግን እዛፉ ላይ ሳይለወጥ ይቀጥላል።

ሜሪላንድም እንዲሁ ጎን ለጎን የተለያየ ነው። የካቶክቲን ማውንቴን ፓርክ አደን አይፈቅድም፤ መንገዱን ተሻግሮ ያለው የከኒንግሃም ፎልስ ስቴት ፓርክ ግን በከፊል ለአደን ክፍት ነው። አንዱን ፏፏቴ አይቶ ወደ ሌላው ተራራ የሚዘልቅ ሰው ሳያውቀው ደንቡን ተሻግሯል ማለት ነው። ይህን ለመለየት ኦንኤክስ ሀንት ወይም ጋያ ጂፒኤስ የተባሉት አፖች ጠቃሚ ናቸው፤ የመሬቱን ባለቤትና ድንበሩን በቀለም ያሳያሉ። ኦንኤክስን የሠሩት ለአዳኝ ነው፤ አዳኙ የሚያየውን ካርታ እናንተም ብታዩት ደግ ነው።

የሼናንዶዋ ፓርክ ረጅምና ጠባብ ስለሆነ ዳርቻው የግል እርሻና የአደን ቦታ ይነካል። በዚህ ወቅት ከሥር፣ ከእርሻዎቹ በኩል ከሚጀምሩ መንገዶች ይልቅ ከላይ፣ ከስካይላይን ድራይቭ የሚጀምሩትን ይምረጡ የምለው ለዚህ ነው። ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ የስካይላይን ድራይቭ ሰፊ ክፍል ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 8 ሰዓት ለመኪና ይዘጋል (ሰዓቱን ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ምክንያቱ በሌሊት ፓርክ ውስጥ ገብቶ በመኪና መብራት አጋዘን የሚገድለውን ሕገወጥ አዳኝ ለመከላከል ነው። ከመሄድዎ በፊት የፓርኩን ማስታወቂያ ይመልከቱ።

አሁን ወደ ጊዜው። በቨርጂኒያ የአጋዘን አደን አንድ ወቅት አይደለም። ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ በቀስት ይጀመራል፤ ኖቬምበር ሲገባ ከአፉ በኩል በሚጎርስ ጠመንጃ ይቀጥላል፤ በኖቬምበር አጋማሽ ዋናው የጠመንጃ ወቅት ይከፈታል። ከብሉ ሪጅ ተራሮች በስተምዕራብ፣ የእናንተን ተራራ ጨምሮ፣ በብዙ ቦታ ሁለት ሳምንት ያህል ነው የሚቆየው፤ በስተምሥራቅ ግን እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ ይዘልቃል። ካውንቲው ይለያያልና የዓመቱን ሰሌዳ ከመምሪያው ገጽ ላይ ማየት ግድ ነው። የጠመንጃው ወቅት በኖቬምበር አጋማሽ የተደረገውም አለምክንያት አይደለም። ወንዱ አጋዘን ሴቷን የሚያሳድድበት፣ ጥንቃቄውን የሚረሳበት ጊዜ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ሲሮጥ ይታያል። በየዓመቱ በግዛቲቱ ከሚገደሉት ወደ 200 ሺህ ገደማ አጋዘኖች ብዙዎቹ የሚወድቁት በእነዚህ ሳምንታት ነው።

የታንክስጊቪንግ ቅዳሜ በዚህ ላይ የሚጨመር ነው። ሠራተኛው ሁሉ ዕረፍት ላይ ነው፤ ኮሌጅ ያለው ልጅ ቤቱ ተመልሷል፤ አባትና ልጅ አብረው ጫካ የሚወጡበት የቆየ ልማድ ነው። በምዕራቡ ተራራ ደግሞ በብዙ ዓመታት ያ ቅዳሜ የጠመንጃው ወቅት የመጨረሻ ቀን ይሆናል፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያልቀናው ሰው ሁሉ ጫካ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በአንጻሩ የጠመንጃው ወቅት የሚከፈተው በዚያው ቅዳሜ ነው። ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ብትሻገሩ፣ እዚያም የተጀመረው በዚያው ሳምንት ሰኞ ነው። ለሃይኪንግ ከዓመቱ ቀናት ሁሉ አንዱን እለፉ ብባል ይህንን ነው የምለው።

እሑድን በተመለከተ፣ የጠየቁኝ ከድሮ ነዋሪ ሰምተው ይመስለኛል። ቨርጂኒያ ለረጅም ዘመን እሑድ አደን ትከለክል ነበር፤ እግረኞችም በዚያ ቀን ተረጋግተው ይወጡ ነበር። በ2014 በግል መሬት ላይ ተፈቀደ። በ2022 ደግሞ በሕዝብ መሬትም ተፈቀደ፤ ከአምልኮ ቤት በ200 ያርድ ርቀት ውስጥ ግን ክልክል ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ከቅዳሴ በኋላ የሚደረገው የእሑድ ጉዞ ከእንግዲህ በራሱ ዋስትና የለውም። በእርግጥ እሑድ አዳኙ ከቅዳሜ ያንሳል። ማነሱ ግን ጥንቃቄን የሚያስቀር አይደለም።

ሰዓቱ ከቀኑ ያላነሰ ነው። አጋዘን መተኮስ የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት በኋላ እስኪሆን ነው። በታንክስጊቪንግ ሰሞን እኛ ዘንድ ፀሐይ የምትወጣው 7 ሰዓት ገደማ፣ የምትጠልቀው ከሰዓት በኋላ 4:50 ገደማ ነው። አጋዘኑ ብዙ የሚንቀሳቀሰውና ብርሃኑ ለዓይን የሚከብደው በእነዚህ ጫፎች ላይ ስለሆነ፣ አደጋውም እዚያው ይጠጋል። ከ10 ሰዓት በፊት እግራችሁ መንገድ ላይ አይሁን፤ 3 ሰዓት ላይ ደግሞ መኪናችሁ ዘንድ ሁኑ። የእኛ ቡድን ጉዞ እንደሚታወቀው 9 ሰዓት ተቀጣጥሮ 11 ላይ ይነሳል፤ ለመነሻው ችግር የለውም፣ መመለሻውን ነው የሚያበላሸው። ከዘገያችሁ ጫፉ ላይ ሳትደርሱ ተመለሱ። ቢመሽባችሁ የራስ መብራታችሁን ገና ብርሃን ሳለ አብሩት፤ ብርቱካናማ ጨርቅ በጨለማ አያበራም።

አሁን ስለ ቀለም፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አዳኞች በጠመንጃ ወቅት የሚያበራ ብርቱካናማ ወይም ከ2017 ወዲህ የሚያበራ ሮዝ እንዲለብሱ በቨርጂኒያ ሕግ ይገደዳሉ። እግረኛውን የሚያስገድድ የለም። ፔንሲልቬንያ ግን ለአደን በተያዙት የግዛቱ መሬቶች ላይ ከኖቬምበር 15 እስከ ዲሴምበር 15 አዳኝ ያልሆነውንም ሰው ታስገድዳለች፤ ወደ ሰሜን የምትሄዱ ከሆነ ያዙት። አዳኝ ራሱን እንዲህ አጉልቶ እንዴት አጋዘን ይቀርበዋል ብለው ይጠይቁ ይሆናል። የአጋዘን ዓይን ቀይን የሚለየው ክፍል የለውም፤ ብርቱካናማው ለእሱ ከቅጠሉና ከሣሩ ብዙም አይለይም። ለሰው ዓይን ግን ጫካ ውስጥ የሌለ ቀለም ነው። ጨርቁ የማይታየውን የፀሐይ ጨረር ተቀብሎ በሚታይ ቀለም ስለሚመልሰው ደመና ባለበትና ብርሃን በሳሳበት ሰዓት እንኳ ይጎላል። በዚያ ላይ አዳኙ ብርቱካናማ ሲያይ ሌላ ሳያስብ «ሰው ነው» ብሎ ጣቱን ከቃታው እንዲያነሳ ሠልጥኗል።

ቢጫ አረንጓዴው የፓርኪንግ ሰደርያ አይበቃም የምለው በዚህ ምክንያት ነው። በኖቬምበር ጫካው ውስጥ የቀረው ቅጠል ብዙው ቢጫ ነው፤ ፀሐይ ከኋላው ስታበራው ከሰደርያው ጋር ይመሳሰላል። አዳኙም ለዚያ ቀለም አልሠለጠነም። ብርቱካናማ ኮፍያ ዋልማርት የአደን ዕቃ ክፍል በጥቂት ዶላር ይገኛል፤ ለሁሉም ሰው ኮፍያ፣ ለልጆቹ ኮፍያና ሰደርያ ይግዙ። ኮፍያን የማስቀድመው ቁጥቋጦ ደረትን ሲሸፍን ራስ ስለሚታይ፣ ከየትኛውም አቅጣጫም አንድ ስለሆነ ነው። ሰደርያ ለብሰው በላዩ ቦርሳ ካዘሉ ከኋላ ምንም አይታይም፤ ከቦርሳው ላይ ይለበስ ወይም ቦርሳው ብርቱካናማ ልባስ ይደረግለት። ሕፃን በአንቀልባ ያዘለች እናት ካለችም በሕፃኑ ጀርባ ላይ ብርቱካናማ ጨርቅ ጣል ይደረግ። ሁለት ሦስት ዓመት የታጠበና የነጣ ሰደርያ አይቁጠሩት።

አሁን ወደ ጋቢው። እዚህ ያለው አጋዘን ሲደነግጥ ጭራውን ሽቅብ ያነሳል፤ የጭራው ውስጠኛ ክፍል ነጭ ነው። አዳኝ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ነጭ ብልጭታ ነው። በ1988 ኖቬምበር ሜይን ግዛት ውስጥ አንዲት የሕፃናት መንታ እናት ከቤቷ ጓሮ ነጭ ጓንት አድርጋ ወጥታ ሳለ በአዳኝ ጥይት ተገደለች። ተኳሹ ያየሁት የአጋዘን ጭራ ነበር አለ፤ ዳኞችም ነጻ አወጡት። ከዚያ ወዲህ ግዛቲቱ አዳኝ የሚተኩስበትን ነገር በእርግጠኝነት እንዲለይ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። በዓመቱ ሁሉ ጫካ ውስጥ ነጭ ነጠላም፣ ነጭ ሻሽም፣ ነጭ ጋቢም በብዛት የምንይዝ እኛ ነን። አባትዎ ብርድ ከፈሩ ጃኬት ከውስጥ ይደርቡላቸው፤ ጋቢው ምሳ ላይ፣ ፓርኪንጉ ዘንድ ይድረስላቸው። ቡናማና ግራጫ ጃኬትም ለብቻው ጥሩ አይደለም፤ የአጋዘን ቆዳ ቀለም ነው።

ማንም በጽሑፍ የማያነሳው፣ ግን ለእኔ ከሁሉ የሚያሳስበኝ፣ ሽንት የሚሄድ ሰው ነው። ከመንገድ ወጥቶ፣ ከቁጥቋጦ ጀርባ፣ ቁጢጥ ብሎ፣ ሰደርያውን አውልቆ፣ በእጁ ነጭ ሶፍት ይዞ። ከዚህ የበለጠ አጋዘን የሚያስመስል ነገር የለም። ሁለት ሆነው ይሂዱ፣ አንዱ ቆሞ ይናገር፣ ኮፍያው አይውለቅ። ልጆችም ቅጠል ውስጥ ድብብቆሽ አይጫወቱ፤ ከፊት አንድ ትልቅ ሰው፣ ከኋላ አንድ፣ እነሱ መሐል። ውሻ ካላችሁ በማሰሪያ ይያዝ፣ እሱም ብርቱካናማ ይልበስ፤ ቡናማ ውሻ ከሩቅ ሌላ እንስሳ ነው የሚመስለው።

ስለ ጥይቱም ጥቂት መናገር ይገባል፤ ሸንተረር ላይ መቆምን ስለሚመለከት። ለአጋዘን የሚያገለግል የተለመደ ጠመንጃ ጥይት፣ ሠላሳ-ኦ-ስድስት የሚባለው ለምሳሌ፣ ምንም ካላገደው እስከ 3 ማይል ሊሄድ ይችላል። አዳኙ አጋዘኑን የሚተኩሰው ብዙ ጊዜ ከ100 ያርድ ባልበለጠ ርቀት ነው፤ ቢስት ጥይቱ የት ያርፋል የሚለው ነው ጥያቄው። የሠለጠነ አዳኝ ከኢላማው ኋላ አፈር ከሌለ አይተኩስም። አብዛኛው አዳኝ ዛፍ ላይ በተሰቀለ ማማ ተቀምጦ ቁልቁል ስለሚተኩስ ጥይቱ መሬት ይገባል። የሚያሰጋው መሬት ላይ የቆመው ተኳሽ ነው፣ ከሥሩ ወደ ሸንተረር ሽቅብ የሚያነጣጥረው፤ ከሸንተረሩ ኋላ ሰማይ እንጂ አፈር የለምና። ስለዚህ ዕይታ ያለበት ድንጋይ ላይ ደርሳችሁ ፎቶ መነሳት ከፈለጋችሁ፣ ፎቶውን ተነስታችሁ ምሳችሁን ወረድ ብላችሁ ብሉ።

ይህን ሁሉ ስል ማስፈራራት አልፈልግም። በአደን አደጋ ከሚጎዱት ብዙዎቹ አዳኞቹ ራሳቸው ናቸው፤ ከማማ የሚወድቁ፣ በራሳቸው ጠመንጃ የሚቆስሉ፣ በጓደኛቸው የሚመቱ። አልፎ ሂያጅ እግረኛ መመታት ብርቅ ነው። ሲደርስ ግን አንድ ዓይነት መልክ አለው፤ ተኳሹ ሰው እዚያ አለ ብሎ አልጠበቀም። በ2008 ኦገስት ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ሶክ ማውንቴን ላይ አንዲት እግረኛ ጭጋግ ውስጥ ወደ ቦርሳዋ ጎንበስ እንዳለች የ14 ዓመት አዳኝ ድብ መስላው ገደላት። ወሩ ኦገስት መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ትሬሉም ሕዝብ የሚበዛበት ነበር። ጭጋግ የወረደ ቀን በአደን ቦታ ጉዞ እሰርዛለሁ።

ሰው መኖሩን የሚያሳውቀው ሌላው ድምፅ ነው። የእኛ ሰው መንገድ ላይ ወሬ ስለማያቆም በዚህ ረገድ እንበልጣለን፤ ተራ የሰው ወሬ ይበቃል። ስፒከር አያስፈልግም፣ ሌላውንም እግረኛ ያስመርራል። ብቻውን የሚሄድ ሰው ግን በየጊዜው ድምፅ ያሰማ። አዳኝ ሲያዩ፣ በተለይ እሱ ካላያችሁ፣ እጅ አታውለብልቡ፤ በቁጥቋጦ መሐል የሚወዛወዝ ነገር ምን እንደሆነ አይለይም። ባላችሁበት ቁሙና ጮክ ባለ የሰው ድምፅ «ሄሎ! ሃይከርስ!» በሉ። እስኪመልስላችሁ ጠብቁ።

ጠመንጃ የያዘ ሰው ገጠር ፓርኪንግ ውስጥ ማግኘቱ በራሱ እንደሚያስደነግጥ ይገባኛል፤ ለእኛ ለጥቁሮች ደግሞ የሚጨመርበት አለ። እዚህ ላይ «አትፍሩ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኔ የምመክረው ቀድሞ ሰላም ማለትን ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ መሣሪያ የያዘ ስካውት አብሮን ሲሄድ የማንደነግጠው ስላወራነው ነው። ሰላም ካላችሁት በኋላ ሁለት ነገር ጠይቁት፤ ዛሬ ስንት ሆናችሁ ወጣችሁ፣ ጓደኞቻችሁስ በየት በኩል ናቸው። ከማንም አፕ የተሻለ መረጃ የምታገኙት ከዚያ ነው። እናንተም የምትሄዱበትን መንገድና የምትመለሱበትን ሰዓት ንገሩት፤ ብዙዎቹ ያመሰግኗችኋል፣ እግረኛ በድንገት መጥቶ አጋዘን ከሚያባርርባቸው ቀድመው ቢያውቁ ይመርጣሉና። ፓርኪንጉ ላይ ብዙ ፒክአፕ ተደርድሮ ካያችሁ እሱም መልስ ነው፤ ሌላ መንገድ ይዛችሁ መምጣት ነበረባችሁ ማለት ነው፤ ሁልጊዜ ሁለተኛ ምርጫ ይኑራችሁ። ማማ ብታገኙ አትውጡበት፣ አትንኩት። አዳኝን ሆን ብሎ ማወክ በ50ዎቹም ግዛቶች ሕገወጥ ነው፤ እያወሩ በትሬል ማለፍ ግን ማወክ አይባልም።

የአደን ውሾች ሲጮኹ ብትሰሙ፣ በቨርጂኒያ በውሻ ማደን ከብሉ ሪጅ በስተምሥራቅ ለአጋዘን፣ በተራራው ለድብ የተፈቀደ ነው። ውሾቹ አንገታቸው ላይ ጂፒኤስ ያለው ማሰሪያ አላቸው፣ ሰው ላይ አይመጡም። የጠፉ መስሏችሁ አትውሰዷቸው፣ ማሰሪያውንም አትፍቱ፤ ወንጀል ይሆናል። ከሚሮጡበት መስመር ወደ ጎን ውጡ፤ የሚያባርሩት እንስሳ ከፊታቸው ነው፣ ተኳሹም የሚጠብቀው እዚያው ነው።

ስለ ቤታችሁ አጠገብም ላንሳ፤ አደን ያለው ሩቅ ተራራ ላይ ብቻ የሚመስላቸው አሉ። ፌርፋክስ ካውንቲ የአጋዘኑን ብዛት ለመቀነስ ከሴፕቴምበር እስከ ፌብሯሪ በመናፈሻዎቹ ውስጥ በቀስት የሚያድኑ የተመረጡ ሰዎች ያሰማራል፤ መናፈሻዎቹም ለሕዝብ ክፍት ሆነው ይቆያሉ። አዳኞቹ ማማ ላይ ተቀምጠው ቁልቁል፣ በአጭር ርቀት ስለሚወነጭፉ አደጋው ትንሽ ነው፤ ከትሬል አለመውጣት ይበቃል። የሜሪላንዱ ሞንትጎሜሪ ካውንቲ ደግሞ የተወሰኑ ፓርኮችን ዘግቶ በጠመንጃ ያሳድናል። ዲሲ ራሷ ውስጥ በሮክ ክሪክ ፓርክ ከ2013 ጀምሮ ባለሙያ ተኳሾች በሌሊት አጋዘን ይቀንሳሉ። በእነዚህ ሁሉ ቦታ መግቢያው ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል። «ዝግ ነው» ካለ ዝግ ነው፤ ሰንሰለት ተሻግሮ ለመሮጥ የሚገባ ሰው አያለሁና ነው።

ወደ ቶምሰን ልመለስ። በኤፕሪል መጨረሻና በሜይ መጀመሪያ ትሪሊየም የሚባለው አበባ ኮረብታውን ይሸፍነዋል፤ ሰዉም ለፎቶ ይጎርፋል። ያ ጊዜ የዱር ተርኪ (ትልቅ የዱር ወፍ) አደን ወቅት ነው። የተርኪ አዳኝ ብርቱካናማ አይለብስም፤ ከራስ እስከ እግር ቅጠል መስሎ ዛፍ ተደግፎ ይቀመጣል፣ እንደ ሴቷም ተርኪ እየጮኸ ወንዱን ይጠራል። እዚህ ላይ ነጭ ብቻ ሳይሆን ቀይ፣ ሰማያዊና ጥቁርም ይተዉ፤ የወንዱ ተርኪ ራስና ገላ የያዙት ቀለማት ናቸው። የተርኪ ድምፅ ከሰማችሁ ቪዲዮ ለመቅረጽ አትቅረቡ፤ የሚጮኸው ሰው ሊሆን ይችላል። በወቅቱ መጀመሪያ ሳምንታት አደኑ እኩለ ቀን ላይ ስለሚያበቃ ከሰዓት በኋላ መሄድ ይሻላል።

ድንገት ተኩስ ብትሰሙስ? ሩቅ የሆነ፣ የታፈነ ድምፅ ከሆነ ቆም ብላችሁ አቅጣጫውን ለዩ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ጉዟችሁን ቀጥሉ። ሸለቆ ድምፅ ስለሚያመላልስ ብዙ ጊዜ ከሚመስለው ይርቃል። ከራሳችሁ በላይ እንደ ጅራፍ ሹል ሆኖ ከጮኸና ከዚያ የጠመንጃው ድምፅ ከተከተለ ግን ጥይቱ በአጠገባችሁ አልፏል። ሁሉም ይተኛ፣ ልጆቹ ከትልቅ ዛፍ ወይም ድንጋይ ኋላ፣ እናንተ ጩኹ። መልስ አግኝታችሁ ጠመንጃው እስኪወርድ አትነሱ። ከዚያ ወደመጣችሁበት ተመለሱ፤ 911 ደውላችሁ ቦታውን አስመዝግቡ።

የቆሰለ ሰው ካለ ደሙን ማቆም ከሁሉ ይቀድማል። በጨርቅ፣ በሁለት እጅ፣ በሙሉ ክብደት ይጫኑ። ክንድ ወይም እግር ሆኖ የማይቆም ከሆነ ቱርኒኬ (ደም ማቆሚያ ማሰሪያ) ከቁስሉ ሁለት ሦስት ኢንች ከፍ አድርጎ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ደሙ እስኪቆም ማጥበቅና ሰዓቱን መጻፍ ነው። በቡድናችሁ ነርስ እንደማይጠፋ እገምታለሁ፤ ቱርኒኬውን እሷ ትያዝ። ተራራው ላይ ስልክ ላይሠራ ይችላል፤ አይፎን 14 እና ከዚያ ወዲህ ያለው በሳተላይት የአደጋ ጥሪ ስለሚልክ፣ ቤት ሳላችሁ አጠቃቀሙን ሞክሩት።

እንግዲህ ለዚያ ቅዳሜ የምመክርዎት ይህ ነው። በቶርንተን ጋፕ በር ወደ ሼናንዶዋ ግቡና ከስካይላንድ አጠገብ ስቶኒ ማንን ውጡ። ደርሶ መልስ 1.6 ማይል ያህል ነው፤ ለአባትዎም ለልጆቹም ይሆናል። ዕይታው ከሲግናል ኖብ አያንስም፣ ውሻ ግን በዚያ መንገድ አይፈቀድም። ጉልበት የቀረው ሰው ካለ ሆክስቢል በመኪና ቅርብ ነው። ፓርክም ቢሆን ኮፍያዎቹ ይደረጉ። ሲግናል ኖብን ለጃንዋሪ አጋማሽ ያቆዩት፤ ዋናው የአጋዘን ጠመንጃ ወቅት ያኔ አልፏል፣ ቅጠሉም ስለረገፈ ሸለቆው በሙሉ ይታያል። መንገዱ ድንጋያማና ወደ 10 ማይል ስለሆነ አባትዎን ቀድመው ይጠይቋቸው። ብርቱካናማው ያኔም አይቅር፤ የጥንቸልና የስኩዊረል አዳኞች እስከ ፌብሯሪ መጨረሻ ጫካ ውስጥ ናቸው።